በሐምሌ መንገድ፤ ከላምበረት እስከ ደብረ ሲና

ረቡዕ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2011

አክስቴን ላመጣ ነው የምሄደው። ዓይኗ ደክሟል፤ አዲስ አበባ ሐኪም ሊያያት ይገባል። ቤቷ ጉዶ በረት አካባቢ ነው። ከደብረ ብርሃን አለፍ ብሎ፣ ጣርማበር ሳይደረስ። በጋ ቢሆን ማልዶ ወጥቶ ማምሻውን መመለስ ይቻላል። በሐምሌ ግን በዚያ መንገድ መቸኮል አልፈለግሁም። ፈቃድ ወስጄ ቀኑን ሰፋ አደረግሁት።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ካፊያ ሆነ። መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመናል። የጎርፍ መውረጃው በፕላስቲክ ኮዳና በፌስታል ተደፍኖ የአስፋልቱ ጠርዝ ኩሬ ሆኗል። አንድ የቤት መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ በኩሬው መሃል አለፈ። ከፊቴ የቆመችው ሕፃን ያዘለች ሴት ከአንገቷ እስከ እግሯ በጭቃ ውሃ ታጠበች። ልጇ ደንግጦ አለቀሰ። ሰልፈኛው ሶፍት አቀበላት፤ አንድ ወጣት የአንገት ልብሱን አውልቆ ሰጣት። መኪናው ግን ዞሮም አላየም። በጣም ተናደድኩ። ያቺ ሴት ወደ ሥራ እየሄደች ነው። የለበሰችው ምናልባት ያላት ደህና ልብስ ነው። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጁ ላይ ትንሽ ቢያነሳ ምን ይጎድልበት ነበር?

ላምበረት መናኸሪያ በጃንጥላና በጭቃ ተሞልቷል። ረዳቶቹ «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን! የሞላ!» ይላሉ። የሞላ የተባለው ሚኒባስ ሞልቶም አላበቃም። ከመናኸሪያው እንደወጣን ረዳቱ በርጩማ አወጣና ሁለት ሰው ጨመረ። ቀጥሎ ሦስተኛ። ሰንዳፋ ስንቃረብ «ዝቅ በሉ፣ ትራፊክ አለ» አለ። ትርፍ የተጫኑት አንገታቸውን ቀበሩ። ማንም ምንም አላለም። ከፊቴ የነበሩ አንድ አዛውንት ብቻ «ምነው ልጄ፣ ሰው እኮ ነን» አሉት። ረዳቱ ሳቀ።

ከአለልቱ በኋላ ሜዳው ሰፋ፣ ሰማዩም ዝቅ አለ። ሸኖ ላይ ቆምን። የሸኖ ለጋ ቅቤን አዲስ አበባ ውስጥ የማይጠራው ነጋዴ የለም፤ ቦታው ላይ ቆሞ መግዛት ግን ሌላ ነው። ቅቤ ሻጯ ጣቴ ላይ ጨረፍ አድርጋ ሰጠችኝ። ጾም ስለሆነ አሽትቼ ብቻ መለስኩ። እሷም ገባት፣ «ረቡዕ መሆኑን ረሳሁት እኮ እህቴ» ብላ ሳቀች። ሽታው ንጹሕ ነው። ለአክስቴ ገንፎ ብዬ ሁለት ኪሎ ገዛሁ።

ጫጫን ስናልፍ ዶፍ ወረደ። የሚኒባሱ የዝናብ መጥረጊያ በሾፌሩ በኩል ብቻ ነው የሚሠራው። ሾፌሩ ግን ፊት ለፊት የሚመጣውን እንኳ በቅጡ ሳያይ ሁለት የጭነት መኪና ቀደመ። ተሳፋሪው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ስልኩ ደግሞ ጆሮው ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ስደርስ ብርዱ ተቀበለኝ። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት። ብዙ ሰው የደብረ ብርሃን ብርድ ሐምሌ ላይ ይብሳል ብሎ ያስባል። ውርጩ የሚወርደው ግን በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ነው። የሐምሌው እርጥብ ብርድ ነው። ልብስ ውስጥ ይገባና አይወጣም። ማታ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ በሸክላ ድስት እየፈላ የመጣ ሽሮ በላሁ። ቃሪያ ተሰንጎ፣ እንጀራው ሞቅ እንዳለ። የጣቶቼ ደም የተመለሰው ያኔ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 18

ጠዋት ቅንጬ በላሁ። የገብስ ነው፣ በተነጠረ ቅቤ ታሽቷል። ላዩ ላይ ትንሽ ሚጥሚጣ። አዲስ አበባ ብዙ ቦታ ቅንጬ ይሸጣል፤ ገብሱ ግን የዚህን አገር ያህል አይጥምም። ከጎኔ የተቀመጡ ሁለት የቀን ሠራተኞች አንድ ሰሃን ለሁለት ተካፍለው በሉና ሻይ ጠጡ። «ይኼ እስከ ቀትር ይይዛል» አለኝ አንዱ። እውነቱን ነው፤ እኔም እስከ ቀትር አልራበኝም።

ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የምታመርት ከተማ ናት፤ ድሮም በዚያ ነው የምትታወቀው። ለአክስቴ አንድ ወፍራም ገዛሁ። ከመንዝ የመጣ ባናም አይቼ ነበር፤ ከበግ ጸጉር የተሠራ፣ ጥቁር፣ ከባድ። ዋጋው ከእኔ ኪስ በላይ ሆነና ትቼው ወጣሁ።

የከተማዋ ትልቁ ችግር ዋናው መንገዷ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው ሁሉ በመሃሏ ያልፋል። ተሳቢ አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ጋሪ አለ። እግረኛው ደግሞ በሁሉም መሃል። ዜብራ ላይ አንድ ሽማግሌ በግ እየጎተቱ ሊሻገሩ ቆመዋል። አምስት መኪና አለፋቸው። ስድስተኛው ክላክስ ነፋባቸው። እኔና አንዲት ተማሪ እጃችንን ዘርግተን መሃል ገባንና አሻገርናቸው። «ተባረኩ ልጆቼ» አሉን። ዜብራው በነጭ ቀለም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማየት የፈለገ ያየዋል።

ከሰዓት በኋላ በቅጥቅጥ ወደ ጉዶ በረት ወጣሁ። በመንገዱ ዳር እረኞች ገሳ ለብሰው ቆመዋል። ገሳውን ያላየ ሰው ካለ፣ ከሣር የተጎነጎነ የዝናብ ካባ ነው። ዝናቡ ላዩ ላይ ይንሸራተትና ይወርዳል። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ናቸው። በጎቹ አስፋልቱን ይወዱታል፤ ከጭቃው ይልቅ ይደርቃል። ልጆቹ ሊያወጧቸው ይሮጣሉ። መኪኖቹ አይቀንሱም፤ ክላክስ ብቻ ነው። በጉ ሲደነግጥ ወደ መኪናው እንጂ ከመኪናው አይሸሽም። ሾፌሩ የገጠር ልጅ ከሆነ ይኼን አሳምሮ ያውቃል።

የአክስቴ ቤት የድንጋይ ነው፤ በሩ ዝቅ ያለ። ስገባ የኩበት ጭስ ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ደረቴ ግን ሞቀ። «መጣሽ የኔ ልጅ! ውይ ብርድ ገደለሽ!» አለችኝ። ፊቴን በመዳፎቿ ይዛ ቀረብ ብላ ነው ያየችኝ። ዓይኗ ከነገሩኝ በላይ ደክሟል።

ማታ ገንፎ ተሠራ። ስለዚህ ገንፎ ትንሽ ልቆይ። የገብስ ዱቄቱ ከተቆላ ገብስ ነው የተፈጨው። ውሃው ፈልቶ ዱቄቱ ሲገባ አክስቴ በማማሰያው የምታማስለው በሁለት እጇ ነው፣ ድስቱን በእግሯ ደግፋ። ጓጎላ እንዳይኖረው ሳታርፍ። ልጇ «እትዬ፣ እኔ ላማስለው» ስትላት «አንቺ ታጓጉይዋለሽ» አለቻት። ገንፎው ሲወጣ መሃሉ ተጎደጎደ፤ በርበሬና የሸኖው ቅቤ ተሞላበት። ዙሪያውን ተቀምጠን ከዳር እየቆረስን ቅቤው ውስጥ እያጠቀስን በላን። ውጭ ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። ጎረቤት መጡ፣ የጎረቤት ልጆች መጡ፤ ሁሉም ቦታ አገኘ። በዚህ ቤት ማንም «ቦታ የለም» ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

አርብ፣ ሐምሌ 19

ዛሬ ገብርኤል ነው። ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ጋን ውስጥ ያዳነበት በዓል። ደብሩ ሩቅ አይደለም፤ ግን መንገዱ የግድ በአስፋልቱ ዳር ያልፋል። የእግር መንገዱ በጭቃ ጠፍቷል። ስለዚህ ምእመኑ ሁሉ አስፋልቱን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ። እኔ አክስቴን በክንዷ ይዣታለሁ።

ጉሙ ወርዷል። ሃምሳ ሜትር አይታይም። ያን ሰዓት መኪና የሚነዳ ሰው ሁለት ነገር ማድረግ ይጠበቅበታል፤ አጭር መብራት ማብራትና ማዝገም። ረጅም መብራት በጉም ውስጥ አይሠራም። ብርሃኑ ጉሙ ላይ ነጥሮ ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመለሳል፣ መንገዱን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል። ይኼን መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ከኋላችን የመጣው የመጀመሪያው መኪና ጭራሽ መብራት አላበራም። ድምፁን ሰምተን ነው ወደ ቦይው የወረድነው። ሁለተኛው ረጅም መብራቱን ለቆ፣ ክላክሱን እየነፋ፣ በፍጥነት መጣ። የመንገዱን ዳር ውሃ በሙሉ ሕዝቡ ላይ ደፋው። የአክስቴ ነጠላ ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ሆነ። ለበዓሉ ያጠበችው ነጠላ ነው። ትናንት እሳት ዳር ስታደርቀው አይቻታለሁ።

አክስቴ አልተቆጣችም። «ቸኩሎ ነው፣ የታመመ ይዞ ይሆናል» አለች። እኔ ግን ይኼን ይቅርታ አልቀበልም። የታመመ የያዘ መኪና የለም አልልም፤ ግን በቀን ስንት መኪና የታመመ ይይዛል? መንገዱ ለመኪና ብቻ አልተሠራም። እዚህ አገር አስፋልት ማለት የተማሪ መንገድ ነው፣ የገበያ መንገድ ነው፣ የቀብርና የሠርግ መንገድ ነው። መኪና ከሚነዳው በእግሩ የሚሄደው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ሙቀት አለው፤ ዝናቡ ያለው ውጭ ባለው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ መታገስ ያለበት ውስጥ ያለው ነው።

ከቅዳሴ መልስ ጎረቤት ቤት ገባን። ጾም ስለሆነ ስልጆ ቀረበ። የባቄላ ነው፣ ሰናፍጩ አፍንጫ ይወጋል። ከጎኑ የሐምሌ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ የበዛበት። ክረምት የጎመን ወቅት ነው፤ ጎተራው የሚጎድለው አሁን ነው። በመስከረም «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለውም ለዚሁ ነው። ባለቤቲቱ «ይቅርታ፣ ጎመን ብቻ ነው» እያሉ ሲያቀርቡ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። ኋላ ትኩስ አሹቅ መጣ። ጠላውም ነበር። ነጠላችንን እሳት ዳር ሰቀልንና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ዘንድሮ ስለተዳሩ ልጆች ተወራ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 20

አንድ ጎረቤት ጭነት ሊያመጣ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ኢሱዙ ነው የሚነዳው። እስከ ደብረ ሲና አድርሶኝ ሲመለስ ይወስደኛል። የዓመቱን ቆሎ ከዚያ መግዛት እፈልጋለሁ።

ሹፌሩን ጋሼ ነው የምለው፤ ዕድሜውን ሁሉ በዚህ መንገድ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ገና ሞተሩን ሳያስነሳ ወርዶ መብራቶቹን በጨርቅ ጠረገ፤ የፊቱንም የኋላውንም። ጎማዎቹን በእግሩ ነካ። ፍሬቻውን አብርቶ «ይበራል?» ብሎ ከኋላ አሳየኝ። ከዚያ ነው የተነሳነው። ሰው ባየ ቁጥር ይቀንሳል። ኩሬ ባየ ቁጥር ወደ መሃል ይጠጋል፤ ፊት ለፊት መኪና ካለ ደግሞ ቆም ብሎ ያሳልፈዋል። አንዲት እንስራ ያዘለች ልጅ ስናልፍ መኪናው ሊቆም ምንም አልቀረውም። ልጅቷ እጇን ወደ ግንባሯ አንስታ ሰላምታ ሰጠችው።

ጣርማበር ላይ ጉሙ ከሥር ነበር የሚመጣው። ከቆላው የሚወጣው እርጥብ አየር ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ አፋፉን ይሸፍነዋል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመንገዱ ዳር ሣር እየነጩ ተቀምጠዋል፤ ጸጉራቸው በጠል ረጥቧል። ከእኛ በፊት የነበረ አንድ የቤት መኪና ሰዎቹ ፎቶ ሊያነሱ ኩርባው ላይ፣ መስመሩ መሃል፣ አቁመውታል። ጋሼ ከሩቅ አየና ቆመ። ወርዶም «ልጆች፣ እዚህ ላይ ተሳቢ ቢመጣ ማቆም አይችልም፤ ከኩርባው እለፉና ዳር ያዙ» አላቸው። ድምፁን አላነሳም። ሰሙት።

የጣርማበርን ዋሻ የቀደደው ጣልያን ነው፣ በወረራው ዘመን። ወደ 600 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከፍታው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ሰውና በግም ያልፉበታል። ጋሼ መግቢያው ላይ ቆመ። ውስጥ የተሳቢ መብራት ይታያል። ተሳቢው እስኪወጣ ጠበቅን። ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ማቋረጥ አቃተው። ጋሼ በመስተዋቱ አየውና ዝም አለ። «ሁለታችን ውስጥ ብንገናኝ ወደ ኋላ የሚመለሰው ማነው?» አለኝ። ከዋሻው ስንወጣ ቁልቁለቱ ጀመረ። ማርሹን ቀነሰ። «ይኼን ዳገት በስንት ማርሽ ትወጪው ነበር? በዚያው ማርሽ ነው የምትወርጂው። ማርሹን ነጻ ለቆ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ይግልና መጨረሻ ላይ አይዝለትም። ነዳጅ ቆጠብኩ ይላል።» ገደሉ ውስጥ የቀሩትን የመኪና ቅሪቶች በአገጩ አሳየኝ።

ደብረ ሲና ላይ አየሩ ለሰስ ይላል። ቆሎ የሚሸጡ ልጃገረዶች ሰሃናቸውን ከፍ አድርገው ወደ አውቶቡሱ ይሮጣሉ። የገብስ፣ የሽምብራ፣ የስንዴ፣ ሱፍ የተቀላቀለበት። እዚያ ያየሁት ነገር ግን ደስታዬን አደፈረሰው። አንድ አውቶቡስ ሙሉ በሙሉ አልቆመም። እየተንፏቀቀ ነው ግብይቱ የሚካሄደው። ልጅቷ ቆሎውን በመስኮት ሰጠች፤ ተሳፋሪው ብር ሲፈልግ ሾፌሩ ነዳጅ ሰጠ። ልጅቷ ከጎማው አጠገብ በእርጥብ አስፋልት ላይ ሮጠች። ብሩ ተወረወረላት፤ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ብታዳልጣትስ? አንድ ደቂቃ መቆም ለአውቶቡሱ ምን ነበር?

ከእሷ ነው የገዛሁት። ቆሎው ገና ትኩስ ነበር። ጋሼ ሲመለስ በጋቢናው ውስጥ እስከ ጉዶ በረት እየቆረጠምን ወጣን።

እሑድ፣ ሐምሌ 21

ማርያም ናት። ዝናቡ ከጠዋት እስከ ማታ አላባራም። ከቤት አልወጣንም። በግ ታርዷል፤ ዱለት በጠዋት፣ ቅቅል በቀትር፣ ጥብስ በማታ። ቅቅሉን አክስቴ በትልቅ ኩባያ አቀረበችልኝ። መረቁን ስጠጣ ጉንፋኔ ለቀቀኝ። ሦስቴ ቡና ተፈላ። ዕቃዋን አሰርን፤ ከዕቃዋ የበሶ ዱቄቱ ይበዛል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 22

ዛሬ በመላ አገሪቱ በአንድ ጀምበር 200 ሚሊዮን ችግኝ ለመትከል የታቀደበት ቀን ነው። መንገዱ ሁሉ አካፋና ችግኝ በያዘ ሰው ተሞልቷል። ተማሪዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ቄሶች፣ ሁሉም ዝናብ ውስጥ። በዚህ ሕዝብ መሃል ነው የምናልፈው።

ደብረ ብርሃን ላይ ሚኒባስ ቀየርን። እዚያም በርጩማው ወጣ። ረዳቱ ወጣት ልጅ ነው። አራተኛውን ሰው ሊያስገባ ሲል አክስቴ እጇን ዘረጋችና በሩን ያዘች። «ልጄ፣ እኔ አላይም። ይኼ መኪና ቢገለበጥ በየት እንደምወጣ አላውቅም። ሰውዬውን ለሚቀጥለው መኪና ተውለት።» ረዳቱ ሊያስረዳ ሞከረ። «ማዘር፣ ችግር የለም...» እኔም ቀጠልኩ፤ የበርጩማውን ሂሳብ ሳይሆን የወንበራችንን ነው የከፈልነው አልኩ። ከኋላ አንድ ወታደር «ልክ ናቸው» አለ። ከዚያ ሁለት ሴቶች። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየንና «በቃ፣ በሩን ዝጋ» አለ።

ጫጫ አካባቢ ችግኝ ተካዮች መንገዱን ሲሻገሩ አክስቴ ድጋሚ ተናገረች። «ቀስ በል የኔ ልጅ፣ ሕፃናት ይሰማኛል።» ሾፌሩ «እሺ እማማ» ብሎ ማርሽ ቀነሰ። ሸኖ ላይ ለእሷ ሻይ የገዛው እሱ ነው። እሷም ከደብረ ሲናው ቆሎ በእፍኟ ሰጠችው። ላምበረት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገባን፤ ሐኪሙ ቀጠሮ የሰጠን ለነገ ጠዋት ነው።